ጋሽ ጉዳዩ እና የመጀመሪያዋ መስመር

የአንድ ሰው ኑሮ ተጠቅልሎ መጨረሻ ላይ ሲታይ ምን ይወጣዋል? መንገድና አደባባይ በስማቸው የተሰየመላቸውን እንተዋቸው። ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባው፣ አንድ ቀን ቢቀር ከጎረቤቱ በቀር ጠያቂ የሌለው ሰው፣ ዕድሜ ልኩን የሠራው ተለቅሞ አንድ ቦታ ቢከመር ከእፍኝ ይበልጣል ወይ? ቢያድግልኝ ይህን ጥያቄ ራሱን የሚጠይቀው አብዛኛውን ጊዜ ተንበርክኮ ሴራሚክ ሲያነጥፍ ነው። ሀርጌሳ ውስጥ በስንት ሰው ሳሎንና መታጠቢያ ቤት በጉልበቱ እንደዳኸ እሱ ራሱ አያውቀውም። ቤቱ ሲያልቅ ባለቤቱ ይገባል፣ ምንጣፍ ያለብሰዋል፣ ቀጥ ይበል ተብሎ በክርና በውሃ ልክ የተጨነቁለት መስመር ከምንጣፍ ሥር ይቀራል። የሚያስታውሰው ጉልበቱ ብቻ ነው። ማታ መሐመድ ሞጌ በሚባለው ሰፈር ወደተከራያት ክፍል ሲመለስ ደረጃዋን ግድግዳ ተደግፎ ነው የሚወጣት።

"ታዲያ ከእኔ የሚቀረው ምንድን ነው?" ሲል መልስ ሆኖ የሚመጣለት አንድ ነገር ብቻ ነበር። እሱም ስልክ ውስጥ ያለች አንዲት ደንብ ናት።

"ሀርጌሳ ያለን" የሚባል የቴሌግራም ግሩፕ አለ። የከፈተችው ፈርዶውሳ ናት። የሀርጌሳ ልጅ ብትሆንም አባቷ ለንግድ አዲስ አበባ ስለኖሩ ተምራ ያደገችው እዚያ ነው፤ አማርኛዋን በስልክ የሰማ ሰው መርካቶ ተወልዳ መርካቶ ያረጀች ይመስለዋል። ዋሄን ገበያ ጀርባ ፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሥራ የምትሠራበት ጠባብ ቤት አላት። ወረቀት ለማስተርጎም፣ ሥራ ለመጠየቅ፣ የጠፋ ዘመድ ለማፈላለግ የሚመጣው ሐበሻ በሩን ሲዘጋባት፣ "እዚያው እርስ በርስ ተጠያየቁ፣ እኔን ልቀቁኝ" ብላ ግሩፑን ከፈተችው። ግንበኛው፣ ቀለም ቀቢው፣ የሰው ቤት ሠራተኛው ሁሉ ገባበት። እንደ እሷ ኢትዮጵያ አድገው የተመለሱ የሀርጌሳ ልጆችም አሉበት።

ቢያድግልኝ ሴራሚክ ሠሪ ከመሆኑ በፊት ወሎ ውስጥ በአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር፣ ገቢና ወጪ ደብዳቤ የሚመዘግብ። እዚያ ቁጭ ብሎ ያረጀበት ዕውቀት ቢባል ይህ ነው፤ ሰው ደብዳቤን ከላይ እስከ ታች አያነብም። አለቃ የሚያየው ከማን እንደመጣና "ጉዳዩ፦" ከሚለው ፊት ለፊት ምን እንደተጻፈ ነው። ጉዳዩ በወጉ የተጻፈ እንደሆነ ደብዳቤው የሚሄድበት ጠረጴዛ ይሄዳል። "ጉዳዩ፦ አቤቱታን ይመለከታል" ተብሎ ብቻ የመጣ እንደሆነ ከመደርደሪያ መደርደሪያ ሲንከራተት ባለ አቤቱታው ዕድሜውን ይጨርሳል። መዋቅር ተቀየረ ተብሎ የሥራ መደቡ ሲታጠፍ ቢያድግልኝ ጅጅጋ ያለ የእህቱ ልጅ ዘንድ ሄዶ በዚያ ዕድሜው የሴራሚክ ሥራ ተማረ። ከዚያ በቶጎ ውጫሌ አልፎ ሀርጌሳ ገባ። ሊከርም መጥቶ ቀረ።

ደንቧ የመጣችው አክሊል የሚባል ግንበኛ ከመወጣጫ ላይ የወደቀ ዕለት ነው። ጓደኛው ከሆስፒታሉ በር ላይ ቆሞ ግሩፑ ላይ ጻፈ። ልጁ ጨዋ ቤት ያደገ ስለሆነ እንዲህ ብሎ ጀመረ፦ "ውድ እህት ወንድሞቼ እንደምን አላችሁልኝ፣ የልዑል እግዚአብሔር ሰላም ከሁላችሁ ጋር ይሁን፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።" የአክሊል መውደቅ፣ የደሙ ዓይነት፣ የሆስፒታሉ ስም፣ "ቶሎ ድረሱልን" የሚለው ሁሉ ከሰላምታው በታች ነበር። ሰው ሁሉ ስልኩ ፊት ላይ ብቅ ያለችውን የመጀመሪያዋን መስመር አየ፣ "ሰላምታ ነው፣ ማታ እመልሳለሁ" ብሎ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ቢያድግልኝ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጦ የሚሠራው ስላልነበረው ነው እስከ ታች ያነበበው። ወርዶ ባጃጅ ያዘ፣ ለሌሎችም ደወለ። አክሊል ተረፈ፣ ዛሬም እያነከሰ ቀለም ይቀባል። ቢያድግልኝ ግን የዚያን ዕለት ማታ መተኛት አልቻለም። በአንድ ሰላምታ ምክንያት፣ አለ ለራሱ። ሰላም ስላልን ሰው ሊሞትብን ነበር።

በማግሥቱ ፈርዶውሳን አስፈቅዶ ደንቧን ጻፈ። ከእንግዲህ ማንኛውም መልእክት በመጀመሪያዋ መስመር "ጉዳዩ፦" ብሎ ምን፣ የት፣ ለማን እንደሆነ ይግለጽ። ርእስ አጭር ይሁን። ወሬው ሲቀየር ርእሱም ይቀየር። "አስቸኳይ" የሚለው ቃል ለሚያስቸኩል ነገር ይቀመጥ። ሰላምታ ከሁለተኛው መስመር ይጀምር።

በሦስት ቀን ውስጥ ስሙ ጋሽ ጉዳዩ ሆነ።

"ጋሼ፣ አንተ እኮ ሰው ሰላም እንዳይል ከለከለ እየተባልክ ነው" አለችው ፈርዶውሳ፣ ማሽኑ ወረቀት ነክሶባት እየታገለች።

"መች ከለከልኩ? ዝቅ አድርጉት ነው ያልኩት።"

"ለእናንተ እሱ ያው ነው። ቤት ገብቶ ደህና ዋላችሁ ሳይል ወጥ አውጡልኝ እንደማለት ነው።"

"እናንተስ አሰላሙ አለይኩም ሳትሉ ትጀምራላችሁ?"

"እኛማ አሰላሙ አለይኩም ብለን እንገባለን። እናንተ ናችሁ ከብቱን፣ አዝመራውን፣ አማቲቱን ጠይቃችሁ ካልጨረሳችሁ የማትቀመጡት።" ወረቀቱን በጥርሷ ልትጎትተው ምንም አልቀራት። "ግን ወላሂ ልክ ነህ። እዚህ ኢሜይል የሚያስልኩኝ የቢሮ ሰዎች ሳይቀሩ ሰብጀክቱን ባዶ ተዪው ይሉኛል። ከዚያ መልስ አልመጣም ብለው እኔን ይቆጣሉ።"

ደንብ ማውጣት ቀላል ነው፤ የሚያደክመው ማስጠበቁ ነው። ቢያድግልኝ በምሳ ሰዓት እጁን ታጥቦ፣ ባልተነጠፈ ወለል ላይ ካርቶን ዘርግቶ፣ ያንን ግሩፕ እንደ ጓሮ ሲያርም ይውላል። "ጉዳዩ፦ ዋሄን አካባቢ የጠፋ ፓስፖርት" በሚል ርእስ ሥር ሰዎች ስለ እንግሊዝ ኳስ ተሰዳድበዋል፣ መሀል ላይ አንዷ የሚከራይ ክፍል ትጠይቃለች፣ ከእሷ በታች ፓስፖርቱን ያገኘው ሰው "እኔ ጋ አለ" ብሎ ጽፎ ማንም አላየውም። "እስቲ ይህን እዩት" የሚል ርእስ አለ። "ጥያቄ" የሚል አለ። "ሰው የለም ወይ" የሚል አለ። እያንዳንዱን በትሕትና ይመልሳል፦ "እህቴ፣ ርእሱን አሻሽለሽ ብትልኪው።" ሲመሽ ዓይኑ ይቆጠቁጠዋል። ተዉኝ የሚያሰኘው ቀን ብዙ ነው። ቢሆንም የመዝገብ ቤት ሰው ነውና ያልተመዘገበ ነገር ሲያይ እጁ ዝም አይልም።

ከሁሉ ያስቸገረው ገነነ ነው። ገነነ ከመካነ ሰላም ወዲያ ካለ ገጠር የመጣ፣ ሲሚንቶ የሚያመላልስ፣ ጉልበቱ የማያልቅ ጎልማሳ ነው። አንድ ቀን "አስቸኳይ አስቸኳይ አስቸኳይ" ብሎ ጻፈ። ሰው ሁሉ ደንግጦ ሲከፍተው ከሥሩ "ቻርጀር ያለው መሐመድ ሞጌ አካባቢ" ይላል።

"ወንድሜ ገነነ፣ ይህ ምኑ ነው አስቸኳይ?" ብሎ ጻፈለት ቢያድግልኝ።

"ባትሪው ሊዘጋ ነው ጋሼ።"

"ይዘጋ።"

"ኧረ እርስዎ ጨካኝ ሰው ነዎት፣ የሥራ ስልክ ነው እኮ" አለ ገነነ። ግሩፑ ለሁለት ቀን በዚህ ሲስቅ ሰነበተ። ከዚያ በኋላ ቢያድግልኝ ፈርዶውሳ በሰጠችው ፈቃድ የገነነን መልእክቶች እየሰረዘ "በደንቡ መሠረት እንደገና ይላክ" ይለው ጀመር። ገነነም ይስቃል፣ እንደገና ያበላሻል።

ደንቧን ከመጀመሪያው ቀን የተረዳችው ዓለምነሽ ናት። ዓለምነሽ ኒምኮ የምትባል የልጆች እናት ቤት ምግብ አብሳይ ናት፤ የገነነ አገር ልጅ፣ ያውም የአንድ አጥቢያ። እሑድ እሑድ ቢያድግልኝን ትጠይቀዋለች፣ ጉልበቱን የሚያሽበት ቅባት ታመጣለታለች። "ጋሼ፣ የእርስዎ ደንብ ለእኔ ነው የወጣችው" አለችው አንድ ቀን። "ስልኬ ወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ነው የሚቆመው፣ እጄ ሊጥ ነው። አልነካውም፤ በዓይኔ ብቻ ነው የማነበው። ለእኔ የማይሆነውን አልፈዋለሁ፣ የሚሆነውን ማታ እከፍተዋለሁ።" ይህን ስትለው ቢያድግልኝ አንገቱን ነቀነቀ፤ በሆዱ ግን አንድ ሰው በቃኝ፣ ለአንድ ሰው ከጠቀመ በቃኝ አለ። እናቷ ወይዘሮ ይመኙሻል ታመው ከርመው ነበር። ለፋሲካ ሄዳ ልታያቸው ኒምኮን አስፈቅዳ ጨርሳለች።

ነገሩ የሆነው ከፋሲካ በፊት፣ አንድ ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ነው። ቢያድግልኝ አዲስ ቤት መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ግድግዳ ሥር ተንበርክኮ ማጣበቂያ እየለቀለቀ ነበር። ስልኩ ባልዲው ጎን ድምፅ ሰጠ። አንገቱን አዙሮ የመጀመሪያዋን መስመር አነበበ።

"ጉዳዩ፦ የእህታችን ዓለምነሽ እናት ወ/ሮ ይመኙሻል ማረፋቸውን ስለማሳወቅ።"

ጸሐፊው ገነነ ነው።

መጀመሪያ ላይ ልቡን ደስ አለው። ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ ለማይሞላ ጊዜ ቢሆን ነው፤ ግን ደስ ብሎታል። ርእሱ ምን፣ የማን፣ ስለማን የሚለውን አሟልቶ ይዟል፣ አጭር ነው፣ መዝገብ ቤት ቢገባ የሚመለስ ደብዳቤ አይደለም። ገነነ በመጨረሻ ተማረ አለ። ከዚያ በኋላ ነው የተጻፈው ነገር የገባው። ያቺን ቅጽበት ኋላ ለብዙ ቀን ሊውጣት ሞክሮ አልሄደችለትም።

በእኛ አገር መርዶ እንዲህ አይነገርም። የሰማ ሰው ይደብቃል፣ ፊቱን ያጥባል፣ ሲስቅ ይውላል። ሐዘንተኛው እራቱን ይብላ፣ እንቅልፉን ይተኛ ይባላል። ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል የሚያውቁት ሰዎች ተሰብስበው በሩን ያንኳኳሉ፤ አንዱ ሽማግሌ ይናገራል፣ ሌሎቹ ይይዙታል። የሞት ወሬ ከሰው አፍ ወጥቶ በሰው ክንድ መሀል ነው መውደቅ ያለበት። ዓለምነሽ ደግሞ አሁን ኒምኮ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ናት። ስልኳ መስኮቱ ላይ ነው።

ሊሰርዘው ስልኩን አነሳ። እጁ እስከ አንጓው ማጣበቂያ ነው፣ ስልኩ ጣቱን አላውቅህም አለው። ሱሪው ላይ ጠረገ፣ እንደገና ነካው፣ የማይፈልገው ነገር ተከፈተ። በአፍንጫው ሞከረ። በመጨረሻ ባልዲው ውስጥ እጁን ነክሮ በሸሚዙ ጠርጎ "ለሁሉም አጥፋ" የሚለውን ተጫነ። ያን ጊዜ ደግሞ ከሥሩ "ነፍስ ይማር" የሚሉ መልሶች፣ የሻማ ሥዕሎች መጥተዋል። እነሱንም አንድ በአንድ አጠፋቸው። የሰውን ነፍስ ይማር እየሰረዙ መቀመጥ ኃጢአት ይሁን አይሁን የሚጠይቀው ቄስ በአቅራቢያው አልነበረም።

ወዲያው ለገነነ ደወለ።

"ምን አድርገህ ነው?"

"ምን አደረግሁ ጋሼ? አሁን ከአገር ደወሉልኝ። ቀስ ብላችሁ አርዷት አሉኝ። ለብቻዬ ፈራሁ፣ ሰው እንዲሰበሰብ ብዬ ነው። ርእሱንም እንዳሉት አሳምሬ... አበላሸሁት እንዴ?"

"እሷ ግሩፑ ውስጥ የለችም ወይ?"

"አለች። በሥራ ሰዓት መች ትከፍተዋለች ብዬ።"

"መክፈት መች ያስፈልጋታል? ርእስ የፈለግነው ሳይከፈት እንዲነበብ አይደል?"

ገነነ ሲያለቅስ ተሰማ። ቢያድግልኝ ሊቆጣው ያዘጋጀው ቃል አፉ ውስጥ ቀረ። ልጁ ደንብ ነው ያከበረው። የማን ደንብ?

ፈርዶውሳ ጋ ሲደርስ ነገሩን አይታዋለች። "ከመሰረዝህ በፊት ገብቼ ያዩትን ሰዎች ስም ተመለከትኩ" አለችው። "ዓለምነሽ የለችበትም። አልከፈተችውም ጋሼ፣ አልሐምዱሊላህ።"

ካልከፈተችው ስሟ እንደማይወጣ፣ ሳይከፍቱ ማንበብ ግን እንደሚቻል ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። "በዓይኔ ብቻ ነው የማነበው" ያለችው ለእሱ ነው። ሆኖም ሰው ሲደክመው የሚያሳርፈውን ነገር ይይዛል፤ "አላየችውም" የሚለውን ያዘ። ለማረጋገጥ ማታ ደወለላት። ድምፁ እንዳያጋልጠው ቀድሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ደህና ዋልሽ ዓለምነሽ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን ጋሼ። እንግዳ ነበረብን፣ ሩዝ ሳወጣ ሩዝ ሳስገባ ዋልኩ። ጉልበትዎስ?"

"ይሻለዋል። ነገ በማለዳ ወደ እናንተ ሰፈር ሥራ አለኝ፣ ብቅ እላለሁ።"

"ይምጡ" አለች። ስልኩን ሊዘጋ ሲል፣ "በማለዳ ይምጡ" ብላ ደገመች።

ድምፅዋ የወትሮው ነበር። ቢያድግልኝ ስልኩን ዘግቶ ተመስገን አለ።

ፈርዶውሳ ለኒምኮ በሶማልኛ ነገረቻት። ኒምኮ ሰምታ፣ "በእኛ ቤት ጮኸች ብዬ አልከለክላትም፣ ታልቅስ፤ በሩ ይከፈትላችኋል" አለች። ጎህ ሲቀድ ቢያድግልኝ፣ ገነነ፣ ፈርዶውሳ፣ እንዲሁም ዓለምነሽ እንደ እናት የምታያት ሀረገወይን የምትባል አሮጊት ሆነው ሄዱ። መንገዱ ላይ ገነነ ከኋላ ከኋላ ይከተላል። ቢያድግልኝ የሚናገረውን እያጠና ነበር። "እናትሽ ታመው እንደነበር ታውቂያለሽ" ብሎ ሊጀምር፣ ቀስ እያለ ሊወርድ።

ግቢው ውስጥ ሲገቡ ዓለምነሽ ቆማለች። ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋለች። ከቤቱ ውስጥ ያሉትን የላስቲክ ወንበሮች አውጥታ ግድግዳው ሥር ደርድራቸዋለች፤ ለመጡት ሁሉ ይበቃሉ።

"ግቡ" አለች። "ቁጭ በሉ።"

ማንም አልተቀመጠም። ሀረገወይን አፏን በነጠላዋ ያዘች።

"ዓለምነሽ" አለ ቢያድግልኝ።

"ይንገሩኝ ጋሼ።"

"አንቺ... አይተሽው ኖሯል?"

"ያነበብኩት ርእሱን ነው። ሩዙን ከእሳት ሳወርድ። ቀና ስል ነበረ፣ ድስቱን አስቀምጬ ስመለስ የለም። ጠፋ። ዓይኔ ነው እንዳልል የእናቴ ስም ነበረበት።" እጆቿን አጣምራ ይዛለች። "ለእንግዶቹ ምሳ አቀረብኩ። እራትም አቀረብኩ። ብቻዬን ብጀምረው ማን ያስቆመኛል ብዬ እናንተን ስጠብቅ አደርኩ። አሁን መጥታችኋል። እንደሚነገረው አድርገው ይንገሩኝ።"

ቢያድግልኝ ያጠናው ሁሉ ጠፋበት። ታመው እንደነበር ታውቂያለሽ ብሎ የሚጀመርበት መንገድ ተዘግቷል። መድረሻው ቀድሞ ተጽፏል፤ ያውም በእሱ አጻጻፍ። "እናትሽ..." አለና ቆመ። "ወይዘሮ ይመኙሻል..." አለ። ከዚያ ወዲያ አልሄደለትም። ጨረሰችለት እሷ ራሷ ናት። "እማዬ" አለች፣ አንድ ጊዜ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሰው እንደሚጣራ። ከዚያ ጮኸች። ሀረገወይንና ፈርዶውሳ ያዟት። ገነነ በር ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሞ ነበር።

የኒምኮ ጎረቤቶች ጩኸቱን ሰምተው መጡ፤ አማርኛ የማያውቁ ሴቶች "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" እያሉ አጠገቧ ተቀመጡ። ዓለምነሽ ሐዘን የተቀመጠችው እዚያው ኒምኮ ግቢ፣ በምታድርበት የጓሮ ክፍል ውስጥ ነው። ቢያድግልኝ ሥራ አቋርጦ ሦስቱንም ቀን በሩ አጠገብ ተቀመጠ። እሷ አልወቀሰችውም። ውሃ እንኳ ሰው ሲያድል "ለጋሼ ስጧቸው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ እግራቸውን ይዘርጉ" ትል ነበር። ብትወቅሰው ይሻለው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ገነነ መጥቶ አጠገቡ ቁጢጥ አለ።

"ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ።"

"አንተን ነው ወይ ይቅር የምለው?"

"ታዲያ ማንን ነው?"

ቢያድግልኝ ነገሩን ሲያወጣና ሲያወርድ ነበር የሰነበተው። አክሊል ሊሞት የነበረው ሰላምታ ቀድሞ ነው። ዓለምነሽ ብቻዋን ያደረችው ጉዳዩ ቀድሞ ነው። የድሮ ሰዎች ሰላምታውን ያስረዘሙት ቃል ስለተረፋቸው ላይሆን ይችላል፤ ወሬው እስኪደርስ ሰሚው እንዲቀመጥ፣ ጎኑ ያለውን ሰው እንዲይዝ ይሆናል። ይህን ማን ያውቃል? መዝገብ ቤት ሲሠራ ደብዳቤ የሚያነበው አለቃ ነበር፤ አለቃ በደብዳቤ አያለቅስም። እሱ የቢሮን ደንብ አምጥቶ ሰው ቤት አስገባው። የሆነውን ግን መመለስ አይቻልም፤ ደንቧንም ሙሉ በሙሉ መሻር አይቻልም፣ ነገ ሌላ አክሊል ይወድቃልና። ያም ሆኖ አንድ ነገር ከውስጧ ነቅሎ ማውጣት ይቻላል ብሎ አሰበ።

ከሐዘኑ ቤት ሲመለስ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ለግሩፑ ጻፈ። ርእስ ሊሰጠው ብዙ ሞከረ፤ "ጉዳዩ፦" ብሎ ይጀምርና ያጠፋዋል። በኋላ ተወው። እንዲህ የሚል ነበር፦

"ወገኖቼ፣ አንድ ልመና አለኝ። ለሥራው፣ ለቤቱ፣ ለጠፋው ዕቃ፣ ለታመመው ሰው ርእስ ጻፉ፣ እንደ እስካሁኑ። የሞተ ሰው ወሬ ግን እዚህ አይጻፍ። በርእስም፣ ከርእስ በታችም። የሰማ ሰው ለእኔ ይደውልልኝ። እኔ ሰው አሰባስቤ በእግሬ ሄጄ እነግራለሁ። ጊዜም ርቀትም አልልም።"

ብዙ ሰው የአውራ ጣት ምልክት አደረገበት። አንዱ "ጋሽ ጉዳዩ ርእስ ረሱ፣ ይሰረዝ" ብሎ ቀለደ። ጥቂቶች ሳቁ፣ ሌሎች በሐዘን ቤት ቀልድ ምንድን ነው ብለው ተቆጡ፣ ቀኑ በዚያ አለቀ። ፈርዶውሳ ግን ስትደውልለት ድምፅዋ ከብዶ ነበር።

"ጋሼ፣ እኔ እምቢ ማለቴ አይደለም። ግን የእኛ ሰው ከዙህር ሶላት በፊት ሞቶ ከዐስር ሶላት በፊት ይቀበራል። አንተ ሰው እስክታሰባስብ አፈር ይለብሳል። ግሩፑ ውስጥ ሙስሊሞችም አሉ እኮ። ርእሱ ላይ ካላዩት ቀብር ማን ይደርሳል?"

"እሱስ ልክ ነሽ።"

"ለእናንተ ብቻ ይሁን እንዳንል ደግሞ እናንተም ሁላችሁም አንድ አይደላችሁም። ትናንት አንዷ ምን አለችኝ መሰለህ? ሰው አውቆ እኔ ሳላውቅ ከሚስቅብኝ በስልክ ብሰማው ይሻለኛል አለችኝ።"

"እሷም ልክ ናት" አለ ቢያድግልኝ። ሁሉም ልክ ነበሩ። ያደከመው ይህ ነው።

ዓለምነሽ ለፋሲካ አገሯ ሄዳ ተመለሰች። ስልኳ አሁን መስኮቱ ላይ አይቆምም፣ ሣጥን ውስጥ ነው። እሑድ ስትመጣ ቅባቱን ትሰጠዋለች፣ ስለ ግሩፑ አታነሳም፣ እሱም አያነሳባትም። ክረምቱ ሲገባ አንድ የቀለም ቀቢ ወንድም አገር ቤት ሞተ። ወሬው ግሩፑ ላይ ወጣ፤ ርእሱ አጭር፣ ስሙ የተሟላ፣ ለቅሶው የሚቀመጥበት ቤት የተገለጸበት፣ እንከን የሌለው። ቢያድግልኝ ያነበበው ሥራ ላይ ተንበርክኮ ነበር። ሊሰርዘው እጁን አነሳና፣ ቀለም ቀቢው አይቶት ይሆናል፣ አይቶት ከሆነ ደግሞ ማጥፋቱ ይብሳል ብሎ ተወው። ከዚያም ወዲህ ሌሎች ወጥተዋል።

ስልኩን ሲተኛም ሲሠራም ክፍት አድርጎ ነው የሚያስቀምጠው። የለመነው ደውሉልኝ ብሎ ነበር። እስካሁን የደወለለት የለም።